አሥራ አንድ ሰከንድ የሳቀችው ልጅ

ባለፈው ሳምንት ልጅቷን የሳሎኑ በር ጀርባ ቆማ፣ ጆሮዋን ከእንጨቱ ጋር አጣብቃ ነው የተውናት። ያላነበባችሁ ካላችሁ ቅር አይበላችሁ፤ ነገሩን በአጭሩ እነግራችኋለሁ። ልጅቷ የዳኛው ብቸኛ ልጅ ናት፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ከበሩ ወዲያ፣ የተዋሰው ኮት ትከሻው ላይ ሰፍቶት፣ ወንበር ጫፍ ላይ የተቀመጠው ደግሞ የሲኒማ ቤቱ ፊልም አጫዋች ነው። ልጅቷን ለማግባት ሊጠይቅ መጥቷል። የዳኛ ልጅንና ፊልም አጫዋችን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ያገናኛቸው ጭራቅ ነው። ቀልዴን አይደለም።

«የጭቃው ጭራቅ» የሚባል ፊልም አለ። ከእሱ የባሰ ፊልም ተሠርቶ አያውቅም፤ ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ራሱ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ ያስጽፈዋል። ከሠላሳ ዓመት በፊት ጥቂት ተማሪዎች ከየቤታቸው በለቃቀሙት ዕቃ የሠሩት ነው። ጭራቁ ከፍራሽ ስፖንጅ ተቆርጦ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ከሐይቁ ሲወጣ ስፖንጁ ውሃ ጠጥቶ ስለሚከብደው፣ ሰው ሊበላ የመጣ ሳይሆን ወገቡን ያመመው ሽማግሌ ነው የሚመስለው። ጀርባው ላይ ዚፑ ይታያል። ጩኸቱ አንድ ሰው በጨው ውሃ ሲጉመጠመጥ የተቀዳ ነው። ጨረቃዋ በክር ተንጠልጥላለች፤ ነፋስ ሲመጣ ትዞርና ጀርባዋ ላይ የብስኩት ካርቶን ጽሑፍ ብቅ ይላል። ከጭራቁ የሚሸሹት መንደርተኞች በጠቅላላ ስድስት ናቸው፤ ባርኔጣ እየቀያየሩ አራት ጊዜ ይሸሻሉ።

ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አዳራሹ ጢም ይላል። ሰው ፊልሙን በቃሉ ያውቀዋል። ፕሮፌሰሩ ንግግሩን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠው ወረቀት ሲያነብ አዳራሹ በአንድ አፍ «ግለጥ!» ይላል፤ እሱም ይገልጣል። ጭራቁ ሊያስፈራራ እጁን ሲያነሳ ከስፖንጁ ሥር የእጅ ሰዓት ብልጭ ይላል። ሰዓቱ በቀኝ እጁ ነው የታሰረው፣ ያውም ፊቱ ወደ ውስጥ ዞሮ። ያኔ ሕዝቡ «ጌታው፣ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ይጮኻል። ትልልቅ ሰዎች፣ መነፅር ያደረጉ አስተማሪዎች፣ ልጆቻቸውን ያቀፉ እናቶች፣ ሁሉም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ኑሮ የከበደው ሰው እዚያ ገብቶ ቀለል ብሎት ይወጣ ነበር።

የሁሉም ቁንጮ ግን ሳቂዋ ናት። ጭራቁ ሐይቁ ዳር አንዲት ልጅ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ልጅቷ በድንጋጤ መጮህ አለባት። እሷ ግን ትስቃለች። ፊቷ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ፀጉሯ ርሶ፣ በጭራቁ ክንድ ላይ ተንጋላ ፍርፍር ትላለች። መጀመሪያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ሳቋን ልትደብቅ እጇን ወደ አፏ ትልካለች፤ እጇ ሲደርስ ሳቁ ቀድሞ ወጥቷል። እንዲህ ብላ አሥራ አንድ ሰከንድ ትስቃለች። ለምን እንደሳቀች ማንም አያውቅም።

ከዓመት ተመንፈቅ በፊት የዳኛው ልጅ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር መጥታ ላይኛው ፎቅ ተቀመጠች። ሳቂዋ ባለፈች ጊዜ ምን እንደነካት አታውቅም፣ ብድግ ብላ «ድገመው!» ብላ ጮኸች። አጫዋቹ ከዚያ በፊት ፊልም ደግሞ አያውቅም ነበር። በማሽን ክፍሉ ቀዳዳ አሻግሮ ጯኺዋን አያት፤ ስትስቅ አያትና እጁ ሳያማክረው ማሽኑን አቆመ። ወደ ኋላ ጠምጥሞ ደገመላት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሁሉ ይደገማል፤ አዳራሹም ለመደው። ትኬት ቆራጯ፣ የአጫዋቹ አክስት ናቸው፣ ልጅቷን «ወይዘሪት ድገመው» ብለው ስም አወጡላት።

አሁን የሥራውን ነገር ልንገራችሁ፤ ጣጣው የመጣው ከዚህ ነውና። አሮጌ ፊልም አንድ ቦታ ላይ ወደፊት ወደኋላ ሲመላለስ ይደክማል፤ በደከመበት ይበጠሳል። ሲበጠስ አጫዋቹ የተቀደደውን ዳርና ዳር ቆርጦ፣ የቀረውን በማጣበቂያ ይቀጥላል። የተቆረጠችው ስንዝር የማትሞላ ቁራጭ ወደ ቆሻሻ ትጣላለች። ይሄኛው አጫዋች ግን አልጣላትም። በደብዳቤ ውስጥ አድርጎ ለልጅቷ ይልካት ጀመር። ደብዳቤውን እንደ ሐኪም ማዘዣ ያጣጥፈዋል፤ አክስቱ የደም ግፊት ኪኒን ለመግዛት ሲሄዱ ከማዘዣው ጋር ለልጅቷ ያቀብሏታል። እሷም ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች፣ እንደ መድኃኒተኛ ኮስተር ብላ፣ «እትዬ፣ ይሄኛው ከምግብ በኋላ ነው» ትላቸዋለች። ሁለቱም ሳቃቸውን ይውጣሉ።

«አሳሳቋ ያንቺ ነው» ብሎ ጽፎላት ነበር በአንዱ ደብዳቤ። «መጀመሪያ ትከሻ፣ ቀጥሎ እጅ። የአንቺም እጅ ሁሌ ይዘገያል። ሳቅሽን ልትደብቂ ስትሞክሪ ከዚህ ቀዳዳ አይሻለሁ፤ ተሳክቶልሽ አያውቅም። እንዳይሳካልሽ ደግሞ እጸልያለሁ።»

ልጅቷ ቁራጩን ወደ መስኮት ብርሃን ዘርግታ ታየዋለች። ፊቷ ጥፍር የሚያህል፣ ጭቃ የተቀባች ሴት። ትስቅባታለች። ከዚያ ደብዳቤውንም ቁራጩንም በጥጥ ካርቶን ውስጥ ትደብቃለች። ሃያ ሦስት ደብዳቤ ሞላ፤ ሃያ ሦስት ቁራጭ።

እንግዲህ ወደ በሩ እንመለስ።

ዳኛው ቤታቸው ውስጥ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ሚስታቸው ልጅቷ ሁለት ዓመት ሲሆናት ነው የሞተችው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶዋ ተሰቅሏል፤ ፎቶ ቤት ተነስታ፣ አንገቷን አቅንታ፣ ከንፈሯን ገጥማ። ልጅቷ ስለ እናቷ በጠየቀች ቁጥር ዳኛው «ደግ ነበረች» ይሉና ጋዜጣቸውን ያነሳሉ። ቤቱ ሳቅ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም፤ ልጅቷም ሳቋን ውጭ ጨርሳ ነው የምትገባው።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አሉ ዳኛው።

«ፊልም አጫዋች ነኝ ጌታዬ። ሲኒማ ቤት።»

  ልጅቷ ከበሩ ጀርባ ሆና የግድግዳውን ሰዓት ቆጠራ ትሰማለች።

«የቅዳሜውን ፊልም የምታጫውተው አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ሐይቁ ዳር ያለውን ቦታ የምትደጋግመው?»

«ሕዝቡ ስለሚወደው ነው ጌታዬ…»

«ድሮ ረጅም ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ችሎት ላይ እንደሚናገሩት ደረቀ። «አሁን አጥሯል። ማነው የቆረጠው?»

አጫዋቹ ክው አለ። ዳኛ የፊልም ርዝመት ምን ያደርግላቸዋል? ለማሰብ ግን ጊዜ አልነበረውም። «እኔ ነኝ። ሲበጠስ ይቆረጣል፤ የሥራው ደንብ ነው።»

«የተቆረጠውስ የት ደረሰ?»

እውነቱን ቢናገር የዓመት ተመንፈቅ ምስጢር ሊፈርጥ ነው። ደብዳቤው፣ ጥጡ፣ አክስቱ፣ የልጅቷ ስም፣ ሁሉም። ልጅቷን ላድናት ብሎ ዋሸ።

«ጣልኩት ጌታዬ። ቆሻሻ ውስጥ።»

ወንበሩ ተንቋቋ። ዳኛው ተነስተዋል። «ልጄን ለአንተ አልሰጥም» አሉ። «ምነው ጌታዬ፣ ምን አጠፋሁ?» ቢላቸው በሩን ከፈቱለት። ሲወጣ ልጅቷ ከመጋረጃው አጠገብ ቆማ አየችው፤ ፈገግ ሊልላት ሞከረ፣ አልሆነለትም። የተዋሰው ኮት በመንገድ ላይ እየራቀ ሲሄድ በመስኮት በዓይኗ ተከተለችው። «ሲኒማ ቤት ስለሚሠራ ነው» አለች በልቧ። «ሐኪም ቢሆን፣ ጠበቃ ቢሆን ወንበር ስቦ ያስቀምጠው ነበር።» አባቷን ጠላቻቸው። ይህን ስጽፍ እጄን ይከብደኛል፤ ግን እውነት ነው፣ ያን ቀን ጠላቻቸው።

ምሳ ላይ ዳኛው ማንኪያቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉ፤ «ያንን ነገር አጣራለሁ። የሲኒማ ቤቱን ባለቤት ጠርቼ እጠይቃለሁ። ፊልሙ ማን እጅ ገባ፣ ምን ያህል ተቆረጠ፣ አንድ ቁራጭ እንኳ የሆነ ቦታ ተርፎ እንደሆነ አጣራለሁ።»

ልጅቷ ያነሳችውን ጉርሻ መለሰች። የዳኛ ልጅ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እዚያ ገበታ ላይ ምስክርና ማስረጃ ስትሰማ ነው ያደገችው። «አጣራለሁ» የሚለው ቃል ከአባቷ አፍ ሲወጣ መጨረሻው የት እንደሆነ ታውቃለች። ፊልሙ የሲኒማ ቤቱ ንብረት ነው። የሰው ንብረት ቆርጦ ለፍቅረኛው የሚሰጥ ሠራተኛ ምን ይባላል? «ሊያስረው ነው!» አለች። ማስረጃው ደግሞ ያለው ማን ዘንድ ነው? እሷው ጥጥ ካርቶን ውስጥ።

ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር፤ ወይም ቁራጮቹን ይዛ ወደ ልጁ ትሮጥ ነበር። ይህቺ ግን የዳኛ ልጅ ሆነችና እንደ ዳኛ ልጅ አሰበች። ማስረጃ ከሌለ ክስ የለም። ሰኞ ጠዋት አባቷ ችሎት ሲሄዱ ካርቶኑን ይዛ ጓሮ ወጣች፤ ቆሻሻ የሚቃጠልበት የተቆረጠ በርሜል አለ። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ለመጨረሻ ጊዜ አነበበች። ከዚያ ክብሪት ጫረች። ወረቀቱ ቶሎ ነደደ። የፊልሙ ቁራጮች ግን መጀመሪያ እንደ ቅጠል ተጠቀለሉ፣ ቀጥሎ ጥቁር ጭስ አወጡና ጠፉ። በዓይኗ ዕንባ ሞልቶ «ተርፈሃል የኔ ጌታ» አለች። ሳምንቱን ሙሉ ጣቷን ስታሸት የጭሱ ሽታ አለቀቃትም ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ልጅቷ ወስናለች፤ ፊልሙ እንዳለቀ ማሽን ክፍል ወጥታ «ወደፈለግህበት ውሰደኝ» ልትለው ነው። መታወቂያዋንና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች። ሲኒማ ቤቱ ስትደርስ መብራቱ ጠፍቶ ፊልሙ ጀምሯል።

አክስትየው በትኬት መስኮቱ አንገታቸውን አስግገው አይዋት። «ወይዘሪት ድገመው! ምን አገኘሽ፣ ዓይንሽ ስር ምን ሆነ? ልጁም እህል አልቀምስ ብሏል እኮ። በይ ግቢ፤ ላይ ሞልቷል፣ ከታች መጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ ቦታ አለ። አጠገብሽ አንድ ባርኔጣ የደፋ ሰውዬ አለ፣ አትፍሪው። ስንት ዓመቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጣ፤ ከሰው አይነጋገር፣ አይስቅ። ሳቂዋ ካለፈች በኋላ መብራት ሳይበራ ውልቅ ብሎ ይሄዳል። እንዲያው ሳይስቅ ለምን እንደሚመጣ አንድዬ ይወቀው።»

እየዳበሰች ገብታ ከሰውየው አንድ ወንበር አልፋ ተቀመጠች። ዓይኗ የፊልሙ ማያ ላይ ነው፤ ልቧ ግን ላይኛው ማሽን ክፍል። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ገለጠ። መንደርተኞቹ በሦስተኛው ባርኔጣቸው ሸሹ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷ ግን ሳቅ አልመጣላትም። ጭራቁ ውሃው እየተንጠባጠበ ወጣና እጁን አነሳ። ሰዓቱ ብልጭ አለ። «ጌታው፣ ስንት ሰዓት ነው?»

በዚያው ቅጽበት አጠገቧ ያለው ሰው ቀኝ እጁን ወደ ዓይኑ አቀረበ። የማያው ብርሃን እጁ ላይ አረፈ። ሰዓቱ በቀኝ እጁ ነው፤ ፊቱም ወደ ውስጥ ዞሯል።

ልጅቷ ያንን ሰዓት ታውቀዋለች። ጠዋት ጠዋት ገበታ ላይ ሲሞላ፣ ማታ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስታየው ኖራለች። ጭራቁን አየች። ሰውየውን አየች። እንደገና ጭራቁን አየች። ያ የከበደው፣ ወገቡን ያመመው የሚመስለው አረማመድ፣ አባቷ ከችሎት ደክሟቸው ሲመጡ ደረጃውን የሚወጡበት አረማመድ ነበር።

ሐይቁ ዳር መጣ። ጭራቁ ሳቂዋን አቀፋት። ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ዓይናቸው ሰዓቱና ማያው ላይ እየተመላለሰ በሹክሹክታ መቁጠር ጀመሩ። «አንድ…» አሉ። የሳቂዋ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። እጇ ከጉልበቷ ላይ ተነሳ። «ሁ…» ሲሉ አለቀ። ምስሉ ዘሎ መንደርተኞቹ መጡ።

«አባዬ?»

ዳኛው ዞሩ። በጨለማው ውስጥ ፊታቸው ርሷል። መደበቅም፣ መኮሳተርም አልቻሉም።

«እናትሽ ናት» አሉ።

አዳራሹ በዚያ ሰዓት እንደ ወትሮው አንድ ላይ ተነሳ። «ድገመው! ድገመው!» እግር ወለሉን ይመታል። ላይ ማሽኑ ቆመ፤ ማያው ነጭ ሆነ። ልጅቷ ያንን ቃል ለዚያ ሕዝብ ያስተማረችው እሷ መሆኗ ትዝ አላት፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ዳኛው ተነስተው ወደ ደረጃው ሄዱ፤ ተከተለቻቸው። የማሽን ክፍሉ ከመታጠቢያ ቤት አይበልጥም፤ ማሽኑ፣ ሁለት ቀዳዳ፣ አንድ የፊልም ሳጥን፣ የጋለ ዘይት ሽታ። አጫዋቹ ሊጠመጥም እጁን ጥቅሉ ላይ እንዳደረገ በሩ ተከፈተ። ዳኛውን ሲያይ ደርቆ ቀረ።

«አትድገማት» አሉ ዳኛው። ከዚያ ልጅቷ በሕይወቷ ሰምታው የማታውቀውን ቃል ጨመሩ። «እባክህ። ሚስቴ ናት። በደገምካት ቁጥር ታጥራለች። አሥራ አንድ ሰከንድ ነበረች፤ አሁን ሁለት አትሞላም።»

አጫዋቹ ማያውን አየ፣ ልጅቷን አየ። «ጭራቁስ?» አለ ሳያስበው።

«ጭራቁ እኔ ነኝ።» በሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር። «ተማሪ ነበርን። ያለን ፊልም ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነበር፤ መድገም የለም። ጩኺ ተብላለች። አንስቻት ስሄድ በጆሮዬ ‹ዚፕህ ተከፍቷል› አለችኝና ሳቀች። ስትስቅ የሚያሳይ ሌላ ምንም የለኝም። ያ ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶ እሷ አይደለችም፤ እንደዚያ ኮስትራ አታውቅም። ሃያ አራት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ነው የማገኛት። አንተ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳት ስትለኝ…» አልጨረሱትም።

ወይኔ ልጁ! ፊቱ በራ። ያ ፊት ባይበራ ምን ነበር!

«አልጣልኳትም! ጌታዬ፣ ዋሽቼ ነው፣ አልጣልኳትም! አንዲትም አልጠፋችም! ለልጅዎ በደብዳቤ ስልክላት ነበር፤ ሃያ ሦስቱም እሷ ጋ አሉ። ቀጥዬ እመልሳታለሁ። እጄ ጥሩ ነው ጌታዬ፣ ስፌቱ እንኳን አይታይም። አሥራ አንዱንም ሰከንድ እመልስልዎታለሁ!»

ዳኛው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጅቷ ያንን ፊት አይታው አታውቅም። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ፊት ነበር፤ ስፖንጅ ለብሶ ውሃ ውስጥ የሚገባ፣ የሚወዳት ልጅ ስትስቅለት ዓለም የእሱ የሆነች። «እውነት ነው?» አሏት። «አንቺ ጋ ናት?»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ጣቶቿ ጣለች። አጫዋቹ ግን ፊቷን ማንበብ ከዓመት ተመንፈቅ ጀምሮ ለምዶታል። አየና ገባው። የበራው ፊቱ በአንድ ጊዜ ከሰመ።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለ ቀስ ብሎ። «እንዲያው እንዳይቆጡኝ ብዬ ነው። መጀመሪያ የነገርኩዎት ነው እውነቱ። እሷ የምታውቀው ነገር የለም። የጣልኩት እኔ ነኝ።»

አልደብቃችሁም፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ልጅቷ ዝም ልትል ፈለገች። አባቷ እሱን ይጠሉታል፣ እሷን ግን አይጠሏትም። እሱም ፈቅዶ ተሸክሞላታል። ከታች ሕዝቡ ወለሉን እየደበደበ «ድገመው» ይላል። ከዚያ የአባቷን እጅ አየች፤ ለመቁጠር የያዘውን ሰዓት አሁንም አልለቀቀም።

«ይዋሻል አባዬ» አለች። «እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ጓሮ ወስጄ አቃጠልኩት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«አንድም ሳይቀር?»

«አንድም ሳይቀር። አጣራለሁ ስትል ልታስረው መሰለኝ። ማስረጃ ማጥፋቴ ነበር አባዬ… እናቴ መሆኗን…» 

ዳኛው የፊልም ሳጥኑ ላይ ቁጭ አሉ። ልጅቷ ቁጣቸውን ጠበቀች፤ ቢቆጧት ምን ያህል በቀለላት! አልተቆጡም። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዙረው አዙረው፣ «ሴት ልጄን ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እናቷ ምን እንደምትመስል አልነገርኳትም» አሉ። «ዳኛ ነኝ፤ ጭራቅ ነበርኩ ብዬ እንዴት ልንገራት? ብነግርሽ ኖሮ አታቃጥያትም ነበር። ፍርዱ የኔ ነው።» ቀና ብለው አጫዋቹን አዩት። «አንተም ለልጄ ስትል ሁለት ጊዜ ዋሸህ፤ ሁለቱንም ጊዜ በራስህ ላይ። ልጄን እኔን አትጠይቀኝ። እሷን ጠይቃት። እኔ አልከለክልህም።»

እንግዲህ አያችሁት? ይህን ቃል ለመስማት ስንት ሳምንት ተጨንቀን ነበር። በሩ ተከፈተላቸው። ልጁ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራምዶ እጁን ዘረጋ።

እሷም አየችው። ትወደዋለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከምንጊዜውም የበለጠ ወደደችው። እጁን ግን ልትይዘው አልቻለችም። ጣቷ አሁንም ያ ጭስ ይሸታታል።

«ደብዳቤ አትጻፍልኝ» አለችው።

«አልጽፍም። ካልሽኝ አልጽፍም። ግን ለምን?»

«በከፈትኩት ቁጥር ውስጡ እሷን እፈልጋለሁ። አንተን ባየሁ ቁጥር እሷን እፈልጋለሁ። ያቃጠልኳት አንተን ላድን ብዬ ነው፤ ይህን ይዤ እንዴት አብሬህ ምሳ እበላለሁ? እንዴት አብሬህ እስቃለሁ?»

ልጁ የተዘረጋ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። በመጨረሻ ማሽኑ ላይ አሳረፈው። ዓይኑ ሞላ፤ ፊቱን ወደ ጥቅሉ አዞረ። «ከዛሬ በኋላ ይህ ፊልም አይታይም» አለ። «የቀረችውን ቆርቆሮ ውስጥ አሽጌ እሰጥዎታለሁ ጌታዬ። ማንም አይነካትም።»

ዳኛው ከታች የሚመጣውን ጩኸት ያዳምጣሉ። መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ እናቶቹም፣ መቶ ሰው ሚስታቸውን ይጠራል። እየተጠራች ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው አልጠገባትም።

«ድገመው» አሉ ዳኛው።

«ጌታዬ፣ ሊበጠስ ይችላል።»

«ልጄ እናቷን ያየቻት ሳታውቃት ነው። አውቃት አንድ ጊዜ ትያት።» ተነስተው ልጃቸውን በትከሻዋ ይዘው ወደ ቀዳዳው አቀረቧት። «ድገመው።»

አጫዋቹ ጥቅሉን በእጁ፣ ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው እየተጠነቀቀ፣ ወደ ኋላ መለሰ። ማሽኑ ተንቀጫቀጨ። አዳራሹ በእልልታ ፈነዳ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ሐይቁ መጣ። ጭራቁ መጣ። ልጅቷ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ እናቷን አየች፤ ጭቃ የለበሰች፣ እርጥብ፣ ከእሷ በዕድሜ የምታንስ። ዚፕህ ተከፍቷል ብላ የጨረሰች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እጇ ከጉልበቷ ተነሳ፣ ወደ አፏ መንገድ ጀመረ።

ሳቋ እዚያ ተቆረጠ። እጇ አፏ ላይ ሲደርስ የሚያሳየው ሰኞ ጠዋት ተቃጥሏል።

አዳራሹ ይስቃል። ዳኛው ግን ማያውን ትተው ልጃቸውን እያዩ ነበር፤ አጫዋቹም እሷን እያያት ነበር። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እጇ ሳታዝዘው ከጎኗ ተነስቶ፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው መዘግየት ሄዶ አፏ ላይ ደረሰ። ከጣቶቿ መካከል ያመለጠው ግን ሳቅ አልነበረም።